መዝለል ሁሉ ፕላዮሜትሪክ አይደለም
በቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ዘንድ ፕላዮሜትሪክ የሚባለው ልምምድ ደክመው እስኪወድቁ ድረስ ደጋግሞ ከመዝለል ጋር ይምታታል። ልዩነቱ ያለው እግር መሬት ከነካበት እስከሚለቅበት ባለው እጅግ አጭር ጊዜ ላይ ነው፤ ጡንቻና ጅማት በፍጥነት ተለጥጠው ወዲያው ሲኮማተሩ፣ እንደ ተሳበ ላስቲክ ያጠራቀሙትን ኃይል ለሚቀጥለው ዝላይ ያውሉታል፤ ተጫዋቹ ካረፈ በኋላ ጉልበቱን አጥፎ ከቆየ ግን አብዛኛው ኃይል በሙቀት መልክ ይባክናል።

የሶቪየቱ የስፖርት ሳይንቲስት ዩሪ ቬርኮሻንስኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ያስፋፋው ከሣጥን ላይ ወርዶ የመዝለል ልምምድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ተጫዋቹ ከሣጥኑ ላይ ሳይዘል፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ ይወርዳል፣ በሁለት እግሩ ያርፋል፣ ሳይዘገይም ወደ ላይ ይነሣል። ተረከዙ መሬቱን በኃይል ከመታ ወይም ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ካዘነበሉ ሣጥኑ ለእሱ ከፍ ብሏል፤ በሣጥን ቁመት መፎካከር፣ በእኔ እምነት፣ ጉዳቱ ያመዝናል።

መጠኑም የሚለካው በደቂቃ ሳይሆን እግር መሬት በነካበት ብዛት ሲሆን፣ ለጀማሪ በአንድ የልምምድ ክፍለ ጊዜ ከ80 እስከ 100 ንክኪ በቂ ነው፤ በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከልም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ዕረፍት ይመከራል።