ባለአደራ ምንድን ነው? ወኪልስ ስለምን አይደለም?

በቅርቡ ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ጽሕፈት ቤቴ አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ውክልና ይዘው መጡ። በውልና ማስረጃ በኩል ያለፈ፣ ማኅተሙ ያልደበዘዘ ሰነድ ሲሆን፣ ወንድማቸው የኮንዶሚኒየም ቤታቸውን እንዲያከራይና እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። «እኔ ባልኖር ለልጄ ባለአደራ እንዲሆናት ብዬ ነው» አሉኝ። «ለልጅ ባለአደራ ለማቆም ውክልና ይበቃል» የሚል ምክር በሬዲዮ ሲሰጥ የሰማሁት አስተያየት ሰጪ ስንቱን እንዲህ እንዳሳሳተ እንጃ።

ወኪል የሚሠራው በወካዩ ስም ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 መሠረት በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። እኒህ እናት ሰነዱ እንዲሠራላቸው የፈለጉት ከሞታቸው በኋላ ነው፤ ሰነዱ የሚያበቃው ግን በዚያው ዕለት ነው። «በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ» የምትለዋን ሐረግ ይዘው የሚከራከሩኝ አይጠፉም፤ ይሁን እንጂ ውክልናው ቢቀጥል እንኳ ቤቱን ከውርሱ ሀብት ለይቶ አያወጣውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይኸው ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ የሚደነግገው አደራ ግን ንብረቱን ራሱን የቻለ ሀብት አድርጎ ይለየዋል፤ ባለአደራውም የሚያስተዳድረው አደራውን ያቋቋመው ሰው በተወው መመሪያ ነው። የሰፈራችንን የእድር ዕቃ ጠባቂ ተመልከቱ። ድንኳኑና ብረት ድስቱ እርሱ ግቢ ይቀመጣሉ፣ ቁልፉም በእጁ ነው፤ ሆኖም የግል አበዳሪው ድስቱን ሊወስድበት፣ ቢሞትም ልጆቹ ድንኳኑን ሊካፈሉት አይችሉም። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ይሄዳል። ከዚህ ሲያልፍ ግን የእድርተኛው ጉባኤ ጠባቂውን በአንድ እሑድ ሊሽረው ሲችል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጉባኤ መጥራት አትችልምና፣ መመሪያው ሒሳቡን ማን እንደሚጠይቅ ሳይቀር በግልጽ መናገር ይኖርበታል።

ሞግዚትም ሌላ ነው። ሞግዚት የልጁን ንብረት የሚያስተዳድረው ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ሲሆን፣ አንደኛው ወላጅ ሲሞት ሞግዚትነቱ በሕይወት ላለው ወላጅ ይሆናል፤ እኒያ እናት ከልጃቸው አባት ጋር የተለያዩ በመሆናቸው ይህ ለእርሳቸው ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመራው «ባለአደራ አስተዳደር» ደግሞ ከቃሉ በቀር ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው የለም።

አደራ የሚቋቋመው በስጦታ ወይም በኑዛዜ ስለሆነ፣ ስጦታው ወይም ኑዛዜው ሕጉ ባዘዘው ሥርዓት (ፎርም) ሳይደረግ ቢቀር አደራውም አብሮ ይወድቃል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው አራት ምስክሮች ያሻዋል፤ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ ኑዛዜም በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይሻራል። በሕመም አልጋ ላይ በቃል የሚነገረውን ኑዛዜ በተመለከተ፣ ሕጉ በእርሱ እንዲሰጥ የሚፈቅደው የእያንዳንዱ ስጦታ ጣሪያ 500 ብር በመሆኑ፣ ቤት በዚህ መንገድ አይተላለፍም።

ኑዛዜውን ማርቀቅ ስንጀምር ወንድማቸው አደራውን ለመቀበል ፈቃደኛ መሆኑን እናቲቱን ጠየቅኋቸው። ለካ ነገሩን ገና አልነገሩትም።