«በላስቲክ ነው ያስቀመጥኩት» አትበሉኝ

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረተኛ ጋሼ የቴምብር አልበማቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰበሰቡት ነው። የምኒልክ ዘመን አለ፣ የንጉሡ ዘመን የወፍ ቴምብሮች አሉ፣ የደርግም አለ። «አይዞህ ልጄ፣ አምና ሁሉንም አዲስ ላስቲክ ውስጥ አስገብቼዋለሁ» አሉኝ።

ገና ስገልጠው ሽታው ቀደመኝ። አዲስ የሻወር መጋረጃ ሲፈታ የሚሸተውን ታውቁታላችሁ? ልክ እሱን። አንዷን ወፍ በወረንጦ ቀስ አድርጌ ሳብኳት። እምቢ አለች። ትንሽ ጠንከር ስል መጣች፤ ግማሽ ቀለሟ ግን ላስቲኩ ላይ ቀረ። ጋሼ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። እሳቸውን መቆጣት አልቻልኩም፤ ንዴቴን እዚህ ላውጣው።

«ላስቲክ እስከሆነ ድረስ ይጠብቃል»

አይጠብቅም። ላስቲክ የምንለው የአንድ ነገር ስም አይደለም። ያ ለስላሳ፣ ጥርት ያለ፣ ሲነኩት ጣት ላይ ለጠፍ የሚለው ሽፋን ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ የውሃ ቧንቧ ይሠራበታል። እንዲለሰልስ ዘይት መሰል ኬሚካል ይጨመርበታል፣ አንዳንዴም የክብደቱን ሲሶ ያህል። ይህ ዘይት ከፕላስቲኩ ጋር አልተዋሃደም፣ በደባልነት ነው የሚኖረው። ቀኑን ጠብቆ ይወጣል። ወጥቶ የት ይገባል? ቴምብሩ ውስጥ። ቀለሙን ያሟሟል፣ ወረቀቱን ቅባት የነካው ያስመስለዋል። ፕላስቲኩም ሲያረጅ አሲድ ይለቃል። ሙቀት ደግሞ ሁሉንም ያፋጥናል፤ ድሬዳዋና ዱባይ ያላችሁ፣ ለእናንተ ነው።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮቻችን እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ታትመው የመጡ ናቸው። አራቱ ላይ የምኒልክ ምስል፣ ሦስቱ ላይ አንበሳው አለ። ስንቱን ቤት፣ ስንቱን ሻንጣ፣ ስንቱን ክረምት አልፈው ከ130 ዓመት በላይ ኖሩ። ከዚያ አንድ ሰው «ልጠብቃችሁ» ብሎ ሽፋን ይገዛላቸዋል። አበቃ።

ደህናዎቹ ፖሊስተር፣ ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኤቲሊን ናቸው። ማይላር ወይም ሜሊኔክስ ሲባል የምትሰሙት ፖሊስተሩን ነው። ሃዊድ የሚባለው የጀርመን ምርትና መሰሎቹ፣ ጀርባቸው ጥቁር የሆነ፣ እያንዳንዱ ቴምብር ለብቻው የሚገባባቸው ኪሶች ከፖሊስታይሪን ይሠራሉ፤ እነሱም ደህና ናቸው።

«ሻጩ ፒቪሲ አይደለም ብሎኛል» የሚል አይጠፋም። ሻጩ ምን ያውቃል? እቤታችሁ ፈትኑት። ከላስቲኩ ጥግ የጥፍር ያህል ቁረጡ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ላርጎ ጨምሩ፤ አለዚያ የአየር አረፋ ይይዘውና ያሳስታችኋል። ቁራጩን በማንኪያ ወደ ታች ግፉትና ልቀቁት። ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኤቲሊን ነው፣ ተጠቀሙበት። ከሰመጠ ግን ቆም በሉ። የሰመጠ ሁሉ ፒቪሲ አይደለም፤ ፖሊስተርም ይሰምጣል። ፖሊስተር ግን ደረቅ ነው፣ ሲያጥፉት ኮሽ ኮሽ ይላል፣ ሽታ የለውም። ሰምጦ፣ ልፍስፍስ ብሎ፣ የሚሸት ከሆነ ወዲያ ጣሉት።

አሁንም ልባችሁ ካላመነ የመዳብ ሽቦ በፒንሳ ይዛችሁ ነበልባል ላይ ቀይ እስኪሆን አግሉት። ላስቲኩን ንኩበትና ሽቦውን መልሳችሁ እሳቱ ውስጥ አስገቡት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፣ ፒቪሲ ነው ማለት ነው። ይህን ደጅ ሆናችሁ ሥሩት፣ ጭሱ መርዝ ነው። ሽቦውንም ከልባሱ በደንብ ላጡት። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ራሱ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ይህን ሳላስብ ስንት ጥሩ ላስቲክ ጥያለሁ!

«ላሚኔት አስደርገው፣ ለዘላለም ይኖራል»

ወይ ጉድ። ይህን ምክር ስንቴ እንደሰማሁ አልነግራችሁም። ፎቶኮፒ ቤት ሁሉ ማሽኑ ስላለ ነው መሰለኝ። ላሚኔሽን ማለት ሙጫ የተቀባ ፕላስቲክ፣ ከ100 ዲግሪ በላይ ግሎ፣ ወረቀቱ ላይ ቀለጠ ማለት ነው። ሙጫው የወረቀቱ ክር ውስጥ ይገባል። ማንም አያወጣውም። ላሚኔት የተደረገ ቴምብር ለሰብሳቢ ዋጋ የለውም፣ ዕልባት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአባቱን ሙሉ ስብስብ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስደርጎ፣ ደስ ብሎት በስልክ ፎቶ ላከልኝ። ምን ብዬ ልመልስ? «ያምራል» አልኩ። እስከዛሬ ይጸጽተኛል።

«የሰርግ ፎቶ አልበም ይበቃል»

ገጹ የሚያጣብቀውን፣ ከላይ ላስቲክ የሚለበስበትን ማለታችሁ ከሆነ፣ አይበቃም። ያ ማጣበቂያ ከጊዜ ጋር ይጠነክራል፣ ይቢጫል፣ ቴምብሩን አይለቅም። ትክክለኛው የቴምብር አልበም ቴምብሩ ያለ ሙጫ የሚሰካበት ኪስ ያለው ነው። የኪሱ ወረቀት ዘይት የጠጣ የሚመስለው ግላሲን ከሆነ ይሠራል፣ ግን ዕድሜ ልክ አይደለም። ቢጫ ሲሆን ቀይሩት።

«አሲድ ፍሪ የሚል ጽሑፍ ካለበት ጨርሻለሁ»

አሲድ የለውም ማለት ነው፤ ለወረቀት ጥሩ ጅምር ነው። ለላስቲክ ምንም አይነግራችሁም፤ ፒቪሲም ከፋብሪካ ሲወጣ አሲድ ላይኖረው ይችላል። «አርካይቫል»፣ ማለትም ለረጅም ዘመን ማስቀመጫ የሚሆን፣ የሚለውን ቃልማ ማንም የሚቆጣጠረው የለም፣ የፈለገ ሁሉ ካርቶኑ ላይ ያትመዋል። የተሠራበትን ነገር በስሙ የማይጽፍ ዕቃ አትግዙ። እዚህ ማግኘት ካስቸገረ፣ ከአሜሪካ ወይም ከጀርመን ዘመድ ሲመጣ ሽቶ አታስመጡ። አንድ እሽግ ሃዊድ ሻንጣ ውስጥ ቦታም አይዝ። እስኪመጣ ድረስ ቴምብሩን ንጹሕ ነጭ የፎቶኮፒ ወረቀት አጥፋችሁ አስቀምጡበት፤ የዛሬው ወረቀት አብዛኛው አሲድ የለውም። ጋዜጣ ግን በፍጹም።

«ጥብቅ አድርጌ ዘግቼዋለሁ፣ እርጥበት አይገባም»

በነሐሴ ከዘጋችሁት እርጥበቱን አብራችሁ ቆልፋችሁበታል። ሙጫ ያለው ቴምብር ገጹ ላይ ይለጠፋል፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። የሚፈለገው ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ክረምቱ ነው። አልበሙን እንደ መጽሐፍ አቁሙት እንጂ አንዱን ባንዱ ላይ አትከምሩ። ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቁት። በጋ ላይ አልፎ አልፎ ገለጥ ገለጥ አድርጉት። ከጫማ ካርቶን ያወጣችኋት እርጥበት መጣጭ የሲሊካ ከረጢት ድሮ ጠጥታ ጠግባለች፣ አዲስ ግዙ። ፀሐይ ላይ ማስጣት የምትሉ ደግሞ፣ ቴምብር በርበሬ አይደለም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ብር የሚታሰርበት ላስቲክ ውስጡ ድኝ አለ፤ ብርቱካናማውን ቴምብር ቡናማ ያደርገዋል።

ስኮች ለቴምብር የለም። ለተቀደደም የለም።

ናፍታሊን ለሱፍ ኮት ነው፣ ትነቱ ፕላስቲኩንም ያበላሻል።

የቅንድብ ወረንጦ ጫፉ ሻካራ ነው፣ ወረቀት ይቧጭራል። የቴምብሩ ለስላሳና ጠፍጣፋ ነው።

«ሂንጅ ሁሉ ጎጂ ነው» የሚሉም አሉ። ሂንጅ ማለት ያቺ ቁራጭ መለጠፊያ ወረቀት ናት። ማኅተም ላረፈበት ቴምብር ችግር የላትም። ሙጫው ላልተነካ ግን ዱካ ትተዋለች፣ ዋጋውንም ትቀንሳለች።

ወደ ጋሼ ልመለስ። የብርጭቆውን ፈተና አሳይቻቸው ሄዱ። በሳምንቱ ደወሉ። ቤት ያለውን ላስቲክ ሁሉ ሲያጠልቁ ሰንብተዋል። የገበታው ላስቲክ ሰመጠ፣ የሻወሩ መጋረጃ ሰመጠ፣ የዳቦው ፌስታል ተንሳፈፈ። «እንግዲያው ልጄ፣ ከወፎቹ ይልቅ ዳቦውን ነው በደህና ያስቀመጥኩት ማለት ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው።