ምራቂዋ ድንቢጥ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ማቴዎስ ሁለት ድንቢጥ በአምስት ሳንቲም ይሸጣል ይላል። ሉቃስ ደግሞ አምስት ድንቢጥ በአሥር ሳንቲም። ሒሳቡን ሥሩት። በአሥር ሳንቲም የሚገኘው አራት ነው፤ አምስተኛዋ ምራቂ ናት። ዋጋ እንኳ አልወጣላትም። ጌታችን «አንዲቱ ስንኳ በእግዚአብሔር ፊት አትረሳም» ሲል ያችንም ቆጥሯት ነው።

እኛ የረሳናትስ? ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የለችም። የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራራ ላይ። አንድ ደህና ሰርግ ላይ የሚጠራው ሰው ይበልጣል! ይህን ስንሰማ «ውይ፣ ያሳዝናል» እንላለን፤ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ።

የሚበዛውን ጥፋት የሚያደርሰው ጠመንጃ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እረኛው ከብቱን ሲያሰማራ ውሻው አብሮት ይወጣል። ያልተከተበ ውሻ ከታመመ በሽታውን ለቀበሮዎቹ ያስተላልፋል። እነሱ ደግሞ በቤተሰብ ተሰባስበው ስለሚኖሩ አንዷ ከተያዘች ለሌሎቹም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ ዌብ ሸለቆ የገባው ወረርሽኝ በዚያ ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጀ። እርሻው በየዓመቱ ሽቅብ ሲገፋ ደግሞ መሸሻቸው የተራራው ጫፍ ብቻ ሆኗል። በግ ጨራሽ ናት ተብላም ትጠላለች። የዕለት ምግቧ ግን በአብዛኛው የደጋ አይጥና ፍልፈል ነው።

እዚህ ላይ ገበሬውን መውቀስ ይቀናናል። እኔ አልስማማም። መሬት ያጠረው ሰው ገብሱን ወደ ላይ ቢዘራ ክፋት ይዞት አይደለም፤ ልጆቹን ማብላት አለበት። ጥበቃ ሲባል «አትረስ፣ አታግጥ» የሚባለው እሱ ነው። ከተማ የተቀመጥነው ምንም አንከፍልም፤ ግድ የማይለንም ለዚህ ይመስለኛል። ደግሞ የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ምድሩን ለ400 ዓመት ያህል በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ ራሱ ይወስናል፣ በሌላው ጊዜ ይዘጋዋል። ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ አለች። እንዲህ ያለውን ሕዝብ ስለ ተፈጥሮ እናስተምርህ ማለት ድፍረት ነው።

ግድየለሽነት ኃጢአት ነው ወይ የሚል አይጠፋም። ዘፍጥረት 9ን አንብቡት። እግዚአብሔር ቃል ኪዳኑን የገባው ለኖኅና ለልጆቹ ብቻ ሳይሆን ከመርከብ ለወጡት ወፎችና አራዊትም ነው። እሱ ኪዳን የገባላቸውን እኛ «ምን አገባኝ» ካልን ንስሐ የሚገባበት ነገር አለ ማለት ነው።

ምን እናድርግ? ጾምና ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ፣ ደጋ ዘመድ ያላችሁ ለጥየቃ ስትሄዱ ውሻው ተከትቦ እንደሆነ ጠይቁ። ካልተከተበ ወጪውን ሸፍኑ። በሽታው ሰውም ይገድላልና የቤቱን ልጆችም ትጠብቃላችሁ። ይህ እንደ ምጽዋት ይቆጠራል? እኔ ይቆጠራል ባይ ነኝ።