ልጁ አደጋውን ያውቃል፤ ታዲያ ለምን ዘለለ?

ክረምት ሲመጣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚደጋገም ዜና አለ። ድንጋይ ወጥቶበት የተተወ ካባ ዝናብ ይሞላዋል። ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ። ከዚያ የእሳትና አደጋ ጠላቂ ዋናተኞች ይጠራሉ። ለቅሶ ቤት የሚወራውም ያው ነው። እስቲ አባባሎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቀን ጎድሎበት ነው»

ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ከሆነ አልቃወምም። ምክንያቱ ይሄ ነው ካልን ግን አያስኬድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች በመንገድ አደጋ የመሞት ዕድላቸው ከሴቶቹ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ቀን የሚጎድለው ለወንድ ብቻ ነው እንዴ?

«በዚያ ዕድሜ ሞት ያለ አይመስላቸውም»

ይሄ በጣም የተለመደው ነው፤ በጣም የተሳሳተውም ይሄው ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ ታዳጊዎች በቅርቡ የመሞት ዕድላቸው ምን ያህል እንደሆነ ሲጠየቁ፣ የሰጡት ግምት ከእውነተኛው እጅግ የበለጠ ነበር። ሞትን አልረሱም ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን የመኪና ጌም አጫወቱ። መብራቱ ቢጫ ሲሆን ማቆም ይቻላል፤ ወይም ነጥብ ለመጨመር መንዳት፣ ከዚያ ግን መጋጨት ሊመጣ ይችላል። ታዳጊዎቹ ብቻቸውን ሲጫወቱ ከአዋቂዎቹ ብዙም አልተለዩም። ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲቀመጡ ግን ድፍረታቸው በአንዴ ናረ። ከ24 ዓመት በላይ የነበሩት ላይ ለውጥ አልታየም። በኋላ አንጎላቸው በምስል ሲታይ፣ ጓደኛ እያያቸው መሆኑን ሲያውቁ ደስታንና ሽልማትን የሚመለከተው ክፍል በታዳጊዎቹ ላይ የበለጠ ሲነቃ ተገኘ። «ቆይ እስቲ» የሚለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው።

ይሄን ሳነብ ክርኔን ዳሰስኩት። በ14 ዓመቴ ሰፈራችን ያለውን ቁልቁለት ፍሬን በሌለው የኪራይ ብስክሌት ወርጃለሁ። ፍሬን እንደሌለው አሳምሬ አውቅ ነበር። ማንም ባያየኝ ኖሮ ብስክሌቱን እየገፋሁ ነበር የምወርደው። አንዱ ግን «ፈሪ!» አለ፤ አለቀ። ማታ ወጌሻው ዘንድ የጮኽኩት ጩኸት እስካሁን ይወራል።

«አንዳንዱን ልጅ አደጋ ይወደዋል»

ሐሳቡ የእኛ ብቻ አይደለም። በ1919 እንግሊዝ ውስጥ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ተጠንተው፣ ብዙው አደጋ የደረሰው በጥቂቶች ላይ ሆኖ ተገኘ። «አደጋ የሚስበው ሰው» የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ በኋላ ገነነ። ነገር ግን በአጋጣሚ ብቻም ቢሆን አንዳንዱ ሁለት ሦስቴ ይመታል። ደግሞም «ቅብጥብጥ» የምንለው ልጅ ትኩረት የመሰብሰብና ራሱን የመግታት ችግር ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያሉ ልጆች በብዛት እንደሚጎዱ ይታወቃል፤ ችግሩም ሕክምና አለው። ስም ማውጣት ግን ልጁን ሐኪም ቤት አያደርሰውም። እንዲያውም «እሳት ነው!» ከተባለ እሳት ሆኖ ማሳየት ይፈልጋል።

«ጎበዝ ነጂ ስለሆነ አያሳስብም»

ኖርዌይ በ1979 ወጣት ነጂዎች በሚያንሸራትት መንገድ ላይ መንዳትን የግድ እንዲሠለጥኑ አደረገች። ሲገመገም የወጣት ወንዶቹ አደጋ ጨምሮ ተገኘ! ከችሎታው ይልቅ በራስ መተማመኑ ነበር ያደገው። ኒውዚላንድ በ1987 ሌላ መንገድ ያዘች፦ አዲስ ነጂ መጀመሪያ ላይ ሌሊት አይነዳም፣ ጓደኞቹንም ዝም ብሎ አይጭንም። የነገሩን ሥር ያገኙት እነሱ ናቸው።

«ብዙ የሚተኛው ከስንፍና ነው» የሚባልም አለ። ታዳጊ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በ2014 የወጣ የሎስ አንጀለስ ጥናት፣ ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙ ወጣት ስፖርተኞች የመጎዳት ዕድላቸው 1.7 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። እንቅልፍ ያጣ ሰው መቸኮሉንም ሆነ መናደዱን እንኳ ልብ አይልም።

«መክሬው አልሰማም»

ምክሩ ምን ነበር? «ትሞታለህ!» ከሆነ፣ እሱን ያውቃል። የሚቸግረው ጓደኞቹ ፊት ሳይዋረድ እንዴት እንደሚቀር ነው። የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ካባው አፋፍ ላይ ቆሞ «እማዬ ፀጉሬን እያየች ትመረምረኛለች፤ እርጥብ ከሆነ ስልኬን ትቀማኛለች» ብሎ ተመለሰ። እናቱ እንዲህ በል ያለችው ራሷ ናት። ሁለት ጓደኞቹም «የእኔም እናት እንደዚሁ ናት» ብለው ተከተሉት።