የስታብላይዘር ሊንክና ጎሚኒ፦ በአሮጌ መኪና ላይ ፍተሻና ቅያሬ

ስታብላይዘር ባር የመኪናን የግራና የቀኝ እግር፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚይዙትን ክፍሎች፣ የሚያያይዝ፣ ከስፕሪንግ ብረት የተሠራ የታጠፈ ዘንግ ነው። መሐሉ በሁለት ጎሚኒ (ዘንጉን የሚያቅፍ የጎማ ቁራጭ) እና በሁለት ማቀፊያ ብረት ከሳብፍሬሙ (ከቦዲው ሥር ካለው መሸከሚያ ብረት) ጋር ይታሰራል፤ ጫፎቹ ሊንክ በሚባል አጭር ማያያዣ ከሾኩ (ንዝረት ማብረጃው) ወይም ከኮንትሮል አርሙ (ጎማውን ከሳብፍሬሙ ጋር ከሚያያይዘው ክንድ) ጋር ይገናኛሉ። መኪናው ሲታጠፍ ዘንጉ ይጠመዘዝና ቦዲው ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ይይዘዋል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ግን በጎሚኒው ውስጥ ከመዞር ያለፈ ሥራ የለውም። ለዚህ ዓይነቱ ዘንግ ከተሰጡት ቀደምት የፈጠራ መብቶች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1919 ያገኘው ካናዳዊው ስቲፈን ኮልማን ነው።

ያለቀ ሊንክ በዝግታ ሲነዱ፣ በተለይ ኮብልስቶን ላይ፣ ከፊት በኩል ያንኳኳል። ሾክና ኮንትሮል አርምም እንዲሁ ስለሚያንኳኩ ዕቃ ከመግዛት በፊት መለየት ያስፈልጋል። የፍጥነት መግቻን መጀመሪያ በሁለቱም ጎማ እኩል፣ ቀጥሎ በአንድ ወገን ጎማ ብቻ ማለፍ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። በመጀመሪያው ዝም ብሎ በሁለተኛው ካንኳኳ ጥርጣሬው ወደ ሊንኩ ነው። ቁርጡን ለማወቅ ሁለቱንም ሊንክ ፈትቶ፣ የባሩን ጫፎች ምንም እንዳይነኩ በሽቦ አስሮ፣ በዚያው መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ትንሽ መንዳት ነው። መኪናው በዚህ ጊዜ ኩርባ ላይ ከወትሮው ይበልጥ ስለሚያጋድል ፍጥነት አይቻልም።

ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሚታየው ስህተት አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንስቶ ሊንኩን መነቅነቅ ነው። እንዲህ ሲደረግ ባሩ ተጠምዝዞ ሊንኩን ስለሚወጥረው ያለቀውም ጠንካራ ይመስላል። ወይ ሁለቱም ጎማዎች መሬት ላይ ሆነው፣ ወይ ሁለቱም እኩል ተነሥተው መፈተሽ አለበት። ጫፉ ላይ ያለው የኳስ መጋጠሚያ በእጅ ሲነቀነቅ ክፍተት ሊሰማ አይገባም። ጎማ ሽፋኑ ከተቀደደም አቧራና ውሃ ገብቶ ግራሶውን ስለሚያጥበው ዛሬ ባያንኳኳም ብዙ አይቆይም።

በአገራችን መንገድ ላይ በብዛት የሚታየውን፣ ኢ120 የሚባለውን የቶዮታ ኮሮላ ሞዴል ብንወስድ፣ የፊት ሊንክ ላይኛው ጫፍ ሾኩ ላይ፣ ታችኛው ባሩ ላይ በዳዶ ይታሰራል። የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ ይደረጋል፤ የፊቱ በክሪክ ተነሥቶ በሁለት ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ ተማምኖ ሥር መግባት የለም። ዳዶው ዝገት ማላቀቂያ ተረጭቶበት ከቆየ በኋላ በ17 ቁጥር መፍቻ ይፈታል። ችግሩ የሚመጣው ብሎኑ ከዳዶው ጋር አብሮ ሲዞር ነው። የብሎኑ አፍ ላይ ባለስድስት ጎን ቀዳዳ አለ፤ በዚያ ቁልፍ አስገብቶ መያዝ ይቻላል። ቀዳዳው በጭቃ ከተሞላ አስቀድሞ በሚስማር ካልተጠረገ ቁልፉ እስከ ታች አይገባም፣ ጠርዙንም ይበላዋል። ያኔ የሚቀረው በግራይንደር መቁረጥ ነው፤ የፍሬን ጎማ ቱቦውና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) ሽቦው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈኑ። አዲሱ ሊንክ አልገጥም ካለ በመዶሻ ከመምታት ሌላውን እግር ማየት ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ስላልተንጠለጠሉ ነው። ማጥበቂያው በዚህ ሞዴል 74 ኒውተን ሜትር ነው፤ ለሌላ መኪና የራሱ መጽሐፍ ይታያል። ሊንክ በጥንድ ይቀየራል፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ ርዝመቱ ይመሳከር።

የቆዩ መኪኖችና አንዳንድ ፒክአፖች ላይ ያለው ሊንክ ረጅም ብሎን ሲሆን አራት ጎሚኒ፣ አራት ሮንዴላ (ክብ ዝርግ ብረት) እና አንድ የመሐል ቱቦ አለው። ዳዶው የሚጠብቀው ጎሚኒው ሮንዴላውን እስኪሞላ ድረስ እንጂ ተጨፍልቆ እስኪወጣ አይደለም። የተጨፈለቀ ጎሚኒ ቶሎ ይሰነጠቃል። የመጨረሻው ማጥበቅም መኪናው በጎማው ቆሞ ይሁን።

የመሐሉ ጎሚኒ የሚገዛው በባሩ ውፍረት ነው። አንድ ሞዴል የተለያየ ውፍረት ያላቸው ባሮች ሊኖሩት ስለሚችል በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) መለካት ግድ ነው። ጎሚኒው የሚያርፍበት ቦታ ዝገቱ ይጸዳል፤ ብረቱ ራሱ ተበልቶ ከቀጠነ አዲስ ጎሚኒም አያድነውም። ጎሚኒው ባሩ ላይ እንዲገባ ተብሎ የተሰነጠቀበት ወገን በየት በኩል እንደነበር ሳይነቀል ይታይ። በተራ ግራሶ ወይም በዘይት ማለስለስ ጎማውን ያሳብጠዋል፤ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ጎሚኒው ፖሊዩረቴን ከሚባለው ፕላስቲክ መሰል ጠንካራ ነገር የተሠራ ከሆነ ግን ያለ ሲሊኮን ግራሶ ይጮኻል። የጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ ባሩ ላይ መጠቅለል ድምፁን ለጊዜው ቢያፍነውም ቶሎ ይላላል። ኢ120 ላይ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሳብፍሬሙን ዝቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የጎማ አሰላለፍ ይታያል። ለሊንክ ብቻ ግን አሰላለፍ ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው።

የተሰበረ ባር አይበየድም። ሙቀቱ የስፕሪንግ ብረቱን ጥንካሬ ስለሚያጠፋው ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰበራል። ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ፣ ያልተጣመመና ያልተበላ ያገለገለ ባር መግዛት ያስኬዳል፤ ያገለገለ ሊንክና ጎሚኒ ግን አያዋጣም። ውፍረቱም የመጀመሪያው ይሁን፤ የመጠምዘዝ ጥንካሬው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ስለሚጨምር በ25 ሚሊሜትር ፋንታ 27 ሚሊሜትር ማስገባት ባሩን 36 በመቶ ያህል ያጠነክረዋል፣ መኪናውም በሻካራ መንገድ ላይ ወደ ግራና ቀኝ ይበልጥ ይንጣል።