ኦቨርሎክ ሲያስቸግር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ እየቆረጠ በክር የሚጠቀልል የስፌት ማሽን) ስፌት ሲበላሽ የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቴንሽኑ፣ ማለትም ክሩን ወደሚያጠብቁትና ወደሚያላሉት ቁልፎች ነው። አራቱንም ቁልፎች ያዞራል፣ ስፌቱ ይብስበታል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ክሩ የገባበት መንገድ ላይ ነው።

«ስፌቱ ከላላ ቴንሽኑን ማጥበቅ ነው»

ክሩ ጨብጠው በሚይዙት የቴንሽን ዲስኮች መሀል ካልገባ ቁጥሩን የፈለገ ያህል ብታሳድጉት ለውጥ የለውም። በአብዛኞቹ የቤት ማሽኖች ዲስኮቹ የሚከፈቱት ጨርቁን የሚጫነው የማሽኑ እግር ሲነሳ ነው። ስለዚህ እግሩን አንስታችሁ ክሩን በሁለት እጅ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጉት። ከዚያ እግሩን አውርዳችሁ ጎትቱት። ካልከበዳችሁ አልገባም።

«ዋናው ክሩ መግባቱ ነው፤ ቅደም ተከተል አያስፈልግም»

ሰው በጣም የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሉፐሮቹ (በጨርቁ ጠርዝ ላይ ክር የሚያጠላልፉት የማሽኑ ክንዶች)፣ በመጨረሻ መርፌዎቹ ክር ይገባላቸዋል። ከሉፐሮቹ የትኛው እንደሚቀድም በማሽኑ በር ውስጥ ያለው ሥዕል ያሳያችኋል። የታችኛው ሉፐር ክር ተበጥሶ እሱን ብቻ ብትመልሱት ከመርፌዎቹ ክር ጋር ይተበተብና ትንሽ እንደሰፋችሁ እንደገና ይበጠሳል። መጀመሪያ የመርፌዎቹን ክር አውጡ፣ ሉፐሩን አስገቡ፣ ከዚያ ወደ መርፌዎቹ ተመለሱ። ሥራው የሚረዝም ይመስላል፤ ግን እመኑኝ፣ ጊዜ ይቆጥባል። ፔዳሉን ከመርገጣችሁ በፊትም መዘውሩን ጥቂት በእጅ አዙሩና የክሩ ሰንሰለት መሠራቱን እዩ።

«አዲሱን ክር ከአሮጌው ጋር አስሮ መጎተት ይበቃል»

ለሉፐሮቹ ግሩም ዘዴ ነው። በመርፌ ቀዳዳ ግን ቋጠሮ አያልፍም። መርፌው ጋ ሲደርስ ቋጠሮውን ቆርጣችሁ በእጅ አስገቡ።

«ቴንሽን በግምት ነው የሚስተካከለው»

ስፌቱ ራሱ ይናገራል። ለሙከራ አራት የተለያየ ቀለም ያለው ክር አስገቡና በምትሰፉት ጨርቅ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። የሁለቱ ሉፐሮች ክር ልክ የጨርቁ ጠርዝ ላይ መገናኘት አለበት። የላይኛው ቀለም ወደ ጨርቁ ጀርባ ከዞረ ላይኛውን ጠበቅ ወይም ታችኛውን ላላ አድርጉ። የታችኛው ወደ ፊት ከወጣ ደግሞ በተቃራኒው። ስፌቱን ከፊት በኩል ስትከፍቱት ክሩ እንደ መሰላል ከታየ የላላው የግራ መርፌ ነው። አንድ ቁልፍ ብቻ ትንሽ አዙራችሁ እንደገና ሞክሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ካዞራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

«የቲሸርት ጠርዝ ከተወዛወዘ የቴንሽን ችግር ነው»

አይደለም፤ ጨርቁ እየተሰፋ ተለጥጧል። መስተካከል ያለበት ዲፈረንሻል ፊዱ ነው፤ ጨርቁን የሚገፉትን የፊትና የኋላ ጥርሶች ፍጥነት የሚያመጣጥነው ማስተካከያ ማለት ነው። ከ1 ወደ 1.5፣ ካስፈለገም ወደ 2 ከፍ አድርጉት። ስስ ጨርቅ ከተሸበሸበ ደግሞ ከ1 በታች አውርዱት።

«መርፌ የሚቀየረው ሲሰበር ነው»

ስፌት ከዘለለ መጀመሪያ መርፌውን ቀይሩ። ማሽኑ የሚቀበለውን ዓይነት ግዙ፣ እስከ ጫፍ መግባቱንም አረጋግጡ።