የባዮኬሚስትሪ «ፕራይም» ምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ሐረጎን ስትወጡ ሚኒባሱ ያቃስታል። ደሴ ስትገቡ «ስንት ሜትር ላይ ነን?» ብትሉ መልሱ እንደ መነሻችሁ ነው። ከባሕር ጠለል ከሆነ ወደ 2,500 ሜትር፤ ከኮምቦልቻ ከሆነ 600 ገደማ። ሁለቱም ልክ ነው። ሚኒባሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ ግን ዜሮውን የት እንዳደረግነው ግድ የለውም።

የኬሚስትሪ «መደበኛ ሁኔታ»ም ሰው የተስማማበት ዜሮ ነው። የሟሟ ነገር ሁሉ 1 ሞላር (በሊትር 1 ሞል)፣ ጋዝ ሁሉ 1 ባር ይባላል። (ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ 0.75 ባር ገደማ ነው። ምንም አይደል፣ መደበኛ ሁኔታ የግድ በእውን ይኑር የሚል ሕግ የለም።)

ጣጣው የሚመጣው ሃይድሮጂን አዮን ላይ ነው። 1 ሞላር ሃይድሮጂን አዮን ማለት በአሲድነት መለኪያው ፒኤች 0 ነው፤ ኃይለኛ አሲድ። እዚያ ውስጥ አብዛኛው ፕሮቲን ቅርጹን ያጣል። ስለዚህ ባዮኬሚስቶች ሌላውን በቦታው ትተው የእሱን ዜሮ ብቻ ወደ ፒኤች 7 አዛወሩት፤ 0.0000001 ሞላር መሆኑ ነው። ውሃንም 55 ሞላር ገደማ ቢሆንም እንደ 1 ይቆጥሩታል። በዚህ ዜሮ የተለካ ቁጥር መሆኑን ለማሳወቅ ከቁጥሩ ምልክት አናት ላይ ትንሽ ጭረት ያደርጋሉ። ፕራይም የምትባለው እሷ ናት።

ትንሽ ብትመስልም ጉዷ ብዙ ነው። በ25 ዲግሪ፣ አንድ ሃይድሮጂን አዮን የሚለቅ ሪአክሽን ነፃ ኢነርጂው (ሪአክሽኑ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚነግረን ቁጥር) በሞል 40 ኪሎ ጁል ገደማ ይወርዳል። የሚጠቀም ከሆነ በዚያው ልክ ይወጣል። የማይነካው ባለበት ይቀራል።

የኤሌክትሮዶቹን ቁጥር እዩ። ፒኤች 0 ላይ ሃይድሮጂን 0 ቮልት፣ ኦክስጅን 1.23 ቮልት ነው። ፒኤች 7 ላይ −0.41 እና 0.82 ይሆናሉ። ሁለቱም እኩል ወረዱ፤ በመካከላቸው ያለው 1.23 ግን አልተነካም። ሐረጎም ከየትም ብትለኩት ያው ዳገት ነው።

ተማሪ ሳለሁ የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው። ፕራይም ካለው ሰንጠረዥ ቁጥር ወስጄ፣ ነፃ ኢነርጂን በእውነተኛው መጠን የሚያስተካክለው ቀመር ውስጥ ደግሞ ለሃይድሮጂን አዮን 0.0000001 አስገባሁ። ፕራይሟ ያንን አስቀድማ ቆጥራዋለች። ረዳቱ ኮምቦልቻ ላይ ሒሳብ ተቀብሎ ሐረጎ ላይ ሲደግም ማለት ነው! ከፕራይም ጋር ፒኤች 7 ላይ የሚገባው 1 ነው።

ሌላው የሚያሳስተው የኤቲፒ −30.5 ኪሎ ጁል በሞል ነው፤ የሴል ኢነርጂ አቀባዩ ኤቲፒ በውሃ ወደ ኤዲፒና ፎስፌት ሲሰበር ያለው ነፃ ኢነርጂ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ፕራይም አለው፤ ኤቲፒም፣ ኤዲፒም፣ ፎስፌትም እያንዳንዳቸው 1 ሞላር ናቸው ብሎ የተሰላ ነው። ሴል ውስጥ ግን መጠናቸው ከዚያ በጣም ያንሳል፣ ኤቲፒውም ከኤዲፒው ይበዛል። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ወደ −50 ይጠጋል።